ከገጹ ግርጌ ያለችው ፊርማ

እህቴ አትፈርምም። የመብራት ቆጣሪ አንባቢው መጥቶ "እዚህች ጋ ይፈርሙልኝ" ሲላት እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ "እህቴን ጥራት" ትለዋለች። ፖስታ ቤት ዕቃ ሲመጣላት ሄጄ የምቀበለው እኔ ነኝ። ለጎረቤት ልጅ የልደት ካርድ ስትጽፍ እንኳ መልካም ምኞቷን በዚያ በሚያምር እጇ ትሞላና ከታች ያለውን ቦታ ባዶ ትተወዋለች። ሰው ይስቅባታል። አንድ ግቢ ሙሉ ተማሪ ፊርማዋን ከመምህራኑ ፊት በላይ ይለየው እንደነበር ባላውቅ እኔም እስቅ ነበር።

ታላቄ ስለሆነች እትዬ ነው የምላት። በዩኒቨርሲቲው የቋንቋና የጽሑፍ መምህርት ነበረች፤ እኔ ደግሞ ከግቢው በር ፊት ለፊት የሴቶች ፀጉር ቤት አለኝ። እናትና አባታችን ትተውልን በሄዱት ቤት የምንኖረው ሁለታችን ብቻ ነን። "አንቺ የጭንቅላትን ውጪውን ታሳምሪያለሽ፣ እኔ ውስጡን" ትለኝ ነበር ቀልድ ሲያምራት። "የእኔዋ ደንበኛ ግን ስትወጣ በመስታወት አይታ ታመሰግነኛለች፣ ያንቺዎቹስ?" እላታለሁ። እትዬ ስትስቅ አፏን በእጇ የምትሸፍን ሴት አልነበረችም፤ ሳቋ ጎረቤት ድረስ ይሰማ ነበር።

ባል አላገባችም። አንድ ጨዋ መሐንዲስ ነበር፤ እሁድ እሁድ ይመጣል፣ ሻይ ይጠጣል፣ ቀስ ብሎ ስለ ወደፊት ኑሮ ያነሳል። እሷ ደግሞ የተማሪዎቹን ጋዜጣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ "ይቺን ርዕስ እንዴት አየኸት?" ትለዋለች። ሰውየው ርዕስ ሲያይ ከረመና በመጨረሻ ሌላ አገባ። እኔ ተናደድኩ፣ እሷ ግን ለሰርጉ ስጦታ ገዝታ ሄደች። ያገባችው ጋዜጣውን ነው እያልኩ ለደንበኞቼ ሳወራ እነሱ ቀልድ ይመስላቸዋል።

የጋዜጣው ክፍል ከአሮጌው ቤተ መጻሕፍት ደረጃ ሥር ናት። ጣሪያዋ በአንድ በኩል ያዘቀዘቀ ስለሆነ ረጅም ተማሪ ጎንበስ ብሎ ነው የሚሠራው። ሁለት ኮምፒውተር፣ እየነከሰ ወረቀት የሚበላ አንድ ማተሚያ፣ ሻይ የሚፈላበት ማንቆርቆሪያ፣ በሩ ካልተደገፈ የማይዘጋ ቁም ሳጥን። ምሳዋን ረስታ ስትሄድ፣ ማለትም ሁልጊዜ፣ ሳህኑን በፎጣ ጠቅልዬ የምወስድላት ወደዚያች ጉድጓድ ነበር። ተማሪዎቹ ሳህኑን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ እትዬ የምትበላው የተረፋትን ነዋ።

እዚያ ክፍል ውስጥ አማካሪ ነበረች። አማካሪ ማለት እንግዲህ ዩኒቨርሲቲው "እያያችሁ አሳትሙ" ብሎ የሚያስቀምጠው ሰው ነው። ከእሷ በፊት የነበሩት ያዩት የነበረው ምን መቆረጥ እንዳለበት ነው። እሷ አንድም ቃል ቆርጣ አታውቅም። "ይህን ከየት አመጣኸው? ማን ነገረህ? ሌላውን ወገን ጠይቀሃል?" ብላ ተማሪውን ላብ በላብ ታደርገዋለች፣ መልስ ካለው ግን ጽሑፉ እንዳለ ይወጣል።

የፊርማው ነገር የተጀመረው ገና አማካሪ በሆነች ሰሞን ነው። ተማሪዎቹ ስለ መመገቢያ አዳራሹ ንጽሕና አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈው ወደ ማተሚያ ክፍሉ ይልካሉ። ጋዜጣው ታትሞ ሲመጣ በዚያ ገጽ ላይ ያለው አዲስ ስለተሠራ አጥር የሚያወራ የምስጋና ጽሑፍ ሆኖ ተገኘ። ማን እንደቀየረው እስከ ዛሬ አይታወቅም። ተማሪው ግን "ተሸጣችሁ" ብሎ አዘጋጆቹን ሊቦጫጭቃቸው ደረሰ። እትዬ ደሟ ፈላ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ ገጽ ነጭ ወረቀት ላይ ሲወጣ ከግርጌው በእጇ ትፈርማለች፤ ማተሚያ ክፍሉ ወረቀቱን እንዳለ ነው የሚያባዛው፣ ስለዚህ ፊርማው በየቅጂው ላይ ይወጣል። ፊርማዋ የሌለበት ገጽ የተማሪዎቹ አይደለም ማለት ነው።

ይህ ነገር እንዴት እንደተወደደ! ተማሪው ጋዜጣውን ሲቀበል ከርዕሱ በፊት ግርጌውን ያያል። ቀስ በቀስም የግቢው ቋንቋ ሆነ። እኔ ፀጉር ቤት ማድረቂያው ካስክ ውስጥ የተቀመጡት ልጃገረዶች ሳይቀሩ፣ አንዷ "ላገባሽ እፈልጋለሁ አለኝ" ስትል ሌላዋ "ፊርማ አለው?" ብላ ትጮህባታለች፣ ካስኩ ስለሚያደነቁራት። እትዬ ይህን ስነግራት ፊቷ በርቶ ቀኑን ሙሉ ስትዘፍን ዋለች። ድምጿ ለዘፈን የሚሆን አይደለም፤ ግን ዝም አልኳት።

ታዲያ በዩኒቨርሲቲው ሌላኛው ግቢ የከሰዓት በኋላ ትምህርት ጨምረው ሰጧት። ማተሚያ ክፍሉ ከሰዓት በኋላ ቶሎ ይዘጋል፣ እሷ ከተማው ሌላ ጫፍ ላይ ናት፣ ተማሪዎቹ ገጹን ይዘው በታክሲ ሲያሳድዷት እትሙ ይዘገያል። አንድ ቅዳሜ ከሥራ ስገባ ሬዲዮ ከፍታ፣ የምግብ ጠረጴዛው ላይ የነጭ ወረቀት ክምር አስቀምጣ ትፈርማለች። አንዱን ትፈርማለች፣ ታገላብጣለች፣ ሌላውን ትፈርማለች።

"እትዬ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ነው የምትፈርሚው?"

"ባዶ አይደለም፣ ገና ያልተጻፈበት ነው። ቁም ሳጥኑ ውስጥ ይቀመጣል፤ ገጹ ሲያልቅ እዚሁ ላይ ያትሙታል። ጽሑፉን እንደሆነ አስቀድሜ አነበዋለሁ።"

"ቁልፉ ማን ጋ ነው?"

"ዋና አዘጋጁ ጋ። ታዲያ ማን ጋ ይሁን?"

"አንቺ ጤና የለሽም። እኔም ደንበኞቼን አምናለሁ፣ ምላጩን ግን እጃቸው ላይ አላስቀምጥም።"

"ስሚ፣" አለችኝ ብዕሩን አስቀምጣ፣ "እኔ እነዚህን ልጆች ሰው ይመናችሁ ብዬ ነው የማስተምራቸው። እኔው ራሴ ካላመንኳቸው ቅዳሜና እሁዴን ምን ላይ ነው ያጠፋሁት?" ራት ላቀርብ ተነሳሁ።

የዚያን ዘመን ዋና አዘጋጅ አርዕስት የሚሉት ተመራቂ ተማሪ ነበር። አርዕስት ያሉት የሚያወራው በርዕስ ስለሆነ ነው፤ ሻይ ሲያልቅበት "የሻይ እጥረት አዘጋጆችን አስቆጣ" ይላል። ቀጭን፣ ፈጣን፣ እጁ ኪቦርድ ላይ ሲያርፍ ዓይን የማይከተለው ልጅ ነው። እናቱ ልብስ እያጠበች ነው ያስተማረችው። እትዬ እንደ ልጇ ነበር የምታየው፤ ከተማሪዎቿ ሁሉ እሱ ሲጽፍ ድምፅ ከፍ አድርጋ ታነብልኛለች። እውነቱን ለመናገር እኔም እወደው ነበር። ሳህኑን አጥቦ የሚመልስልኝ እሱ ብቻ ነው።

ሌላዋ እንቆቅልሽ የምንላት ልጅ ናት። የሁለተኛ ዓመት ተማሪ፣ ዝምተኛ፣ ለጋዜጣው የመጨረሻ ገጽ ሳጥን ሳጥን ያለውን የቃላት እንቆቅልሽ የምታዘጋጅ። የባለፈው እትም መልስ በሚቀጥለው ይወጣል፤ ተማሪው ሌላውን ቢረሳ ያቺን አይረሳም። እኔ ጋ ስትመጣ ፀጉሯ ወፍራም ስለሆነ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ እሷ ግን ሰዓቱን አትቆጥረውም፤ "እህትዬ፣ ባለ አራት ፊደል፣ ሲሰጡት የሚጨምር" እያለች እኔ ላይ ትሞክረኛለች። አንዱንም አግኝቼላት አላውቅም። እሷ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

ያቺ ልጅ አንድ ጠዋት ከፈተና በፊት ልትታጠብ ገብታ ሞተች። የሴቶቹ መኝታ ሕንፃ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ያለው የውሃ ማሞቂያ ይነዝር ነበር። ሁሉም ያውቃል፤ ልጃገረዶቹ ቧንቧውን በነጠላ ጫማ ነበር የሚከፍቱት፣ በነጠላ ጫማ የሚዘጉት። ደጋግመው አመልክተዋል። ጠጋኙ ኤሌክትሪክ ሠራተኛም ይነሳ ብሎ ነበር። በዚያው ዕለት ከሰዓት ማሞቂያው ተነቅሎ ግድግዳው ተለሰነ፣ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይም "ተማሪያችን በድንገተኛ ሕመም በሞት ተለይታናለች" የሚል ወረቀት ተለጠፈ።

ድንገተኛ ሕመም! ልጅ እግር ሴት፣ ከቤተሰቧ ርቃ፣ በድንገተኛ ሕመም ሞተች ሲባል ሰው አፉ ላይ ምን እንደሚመጣለት ለማወቅ ፀጉር ቤት መክፈት አያስፈልግም። ግን እኔ ስለከፈትኩ በጆሮዬ ሰማሁት። ግቢውን የማታውቅ አንዲት ሴትዮ ጥፍሯን እያስቀባች "አርግዛ ነበር አሉ፣ ልታስወርድ ስትል ነው" አለች፣ ስለ ገበያ ዋጋ እንደምታወራ። ውጪ አልኳት። ጥፍሯ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ባዶ ሆኖ ወጣች። ወሬው ግን አብሯት ወጣ፤ እሱን ውጣ የሚለው የለም።

አባትየው የመጣው ከቀብሩ በኋላ ነው። እኔ ሳህኑን ይዤ ክፍሉ ውስጥ ነበርኩ። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የሥራ ጃኬቱን ሳያወልቅ፣ ጣሪያው እንዳይመታው አንገቱን ሰበር አድርጎ ገባ። ወንበር ሲሰጡት ጫፏ ላይ ተቀመጠ።

"መምህርት፣ እኔ ካሳ አልፈልግም" አለ። "ማንንም አልከስም፣ አቅሙም የለኝም። እናቷ ከቤት መውጣት አቅቷታል። ሰው 'ምን ነካት?' ይላታል፣ 'ሕመም' ትላለች፣ ከዚያ ሰውየው ዝም ብሎ ያያታል። ዝም ሲል ምን እያሰበ እንደሆነ እሷም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። ታናሽ እህቷም ትምህርት ቤት አልሄድም ብላለች። ልጄ ታማ አታውቅም። እንቆቅልሹን መጀመሪያ የምትሞክረው እኔ ላይ ነበር፤ መሪ ይዤ ከኋላዬ ቆማ ነው የምትጠይቀኝ። ነዘራት ብላችሁ ጻፉልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።"

አርዕስት ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። እትዬ ከቁም ሳጥኑ የቆዩ እትሞች አውጥታ ሰውየው ጉልበት ላይ ዘረጋችለት። ግርጌያቸውን አሳየችው፣ ለምን እንደሚፈረም ነገረችው። በወፍራም ጣቱ ፊርማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተለው።

"ይህ ካለበት አይዋሽም ማለት ነው?"

"አይዋሽም" አለች እትዬ። "የልጅዎም ነገር በዚህ ፊርማ ይወጣል።"

"እናቷን እንዲህ ብዬ ልንገራት?"

"ይንገሯት።"

ከዚያ በኋላ የነበረውን ሳምንት መቼም አልረሳውም፤ እንደዚያ ሲሠሩ አይቻቸው አላውቅም። ከእንቆቅልሽ ጋር በአንድ ክፍል የምትተኛው ልጅ እየፈራችም ቢሆን ያየችውን ተናገረች። ኤሌክትሪክ ሠራተኛው ስሜ አይጠቀስ ብሎ ሁሉንም ዘረዘረ። የዩኒቨርሲቲውን ወገን ጠየቁ፤ "በማስታወቂያው ላይ ከተገለጸው ውጪ የምንለው የለም" ተባሉ፤ እሱንም ጻፉት። አርዕስት ደግሞ ጽሑፉን አበጀው። እትዬ ቤት አምጥታ ድንች ስልጥ አነበበችልኝ። ስለ ልጅቷ ፈገግታ አለበት፣ ስለ ነጠላ ጫማው አለበት፣ ቀጥሎ "የገደላት ሕመም አይደለም፤ ሲነዝር እየታወቀ ያልተነሳ የውሃ ማሞቂያ ነው" ይላል። ቢላዋውን አስቀምጬ አለቀስኩ። እትዬም እያለቀሰች "እይው፣ ልጄን እይው! አንድም ትርፍ ቃል የለውም" ትላለች።

የማተሚያው ቀን ጠዋት ከተማሪዎች ዲን ቢሮ ተደውሎ በሌላኛው ግቢ ፈታኝ ስለጎደለ ሄደሽ ፈትኚ ተባለች። ሄደች። ምን ያሳስባታል? ጽሑፉን አንብባዋለች፣ የተፈረመበት ወረቀት ቁም ሳጥኑ ውስጥ አለ፣ ቁልፉ አርዕስት ኪስ ውስጥ ነው። በፀጉር ቤቴ በር ስታልፍ በመስታወቱ በኩል እጇን አውለበለበችልኝ። አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነበር።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ተማሪ ገብታ ጋዜጣውን ማበጠሪያዎቹ መሃል ጣል አደረገችልኝ። እጄ ቀለም ስለነበር በክርኔ ገለጥኩት። እንደ ግቢው ሰው እኔም መጀመሪያ ያየሁት ግርጌውን ነው። ፊርማው አለ። ፈገግታዋ አለ። ነጠላ ጫማው የለም። እዚያ ቦታ ላይ "ለቤተሰቧ ሳትናገር ለረጅም ጊዜ ደብቃው በቆየችው ሕመም ሳቢያ" ይላል።

ሁለተኛ አነበብኩት፤ ያው ነው። ደንበኛዬን ጭንቅላቷ በቀለም እንደተለቀለቀ ትቻት ወጣሁ፤ "ኧረ ያቃጥለኛል!" እያለች ስትጮህ ይሰማኛል፣ እግሬ ግን አልቆመም። እትዬን ግቢው በር ላይ ከታክሲ ስትወርድ አገኘኋት። ጋዜጣውን ሰጠኋት። ቆማ አነበበች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ግርጌው አወረደች።

"ፊርማው የእኔ ነው" አለችኝ፣ እኔ አይደለም ያልኩ ይመስል።

አርዕስት ክፍሉ ውስጥ ኮምፒውተሩን ሳይከፍት ተቀምጧል። እንደገባን ተነሳ፣ ጭንቅላቱ ጣሪያውን መታው፣ መልሶ ተቀመጠ።

"አንድ ዓረፍተ ነገር ነው ቲቸር" አለ። "ከነጠላ ጫማው ጋር አንድ ዓረፍተ ነገር። ሌላውን አልነካሁትም። ዲኑ ጠርቶኝ መመረቅ ትፈልጋለህ ወይ አለኝ። ይህን ካስገባህ ትመረቃለህ አለኝ፣ በወረቀት ጽፎ ሰጠኝ። እናቴ ለምረቃዬ ልብስ አሰፍታ ጨርሳለች። ምን ላድርግ? ምን ላድርግ ቲቸር?"

በጥፊ ልለው እጄን አነሳሁ። ቀለሙ ገና አልደረቀም። እትዬ ክንዴን ያዘችኝ።

"ወረቀቱን ከቁም ሳጥኑ ስታወጣ ምን አሰብክ?" ብላ ጠየቀችው። ድምጿ ክፍል ውስጥ ጥያቄ ስትጠይቅ የምታወጣው ድምፅ ነበር።

አርዕስት አንገቱን ደፋ። "ያለ ፊርማ ቢወጣ ማንም አያምነውም ብዬ አሰብኩ።"

ያን ጊዜ የአባትየው ነገር ትዝ አለን። ከማተሚያ ክፍሉ በር ላይ አንድ እስር ጋዜጣ እንዲሰጡት እትዬ ራሷ ነግራቸው ነበር፤ ተረኛ ሆኖ በዚያ ሲያልፍ አውቶቡሱን አቁሞ ወስዶታል። ስልኩ አይነሳም። እትዬ ደግማ ደወለች፣ አይነሳም። የሆነውን ኋላ ነው የሰማነው። እስሩን ሳይፈታ ነው ቤት ያደረሰው። ዘመድና ጎረቤት ሰብስቦ ነበር፤ ያ ዝም ብሎ ሚስቱን የሚያየው ሰው ሁሉ ተጠርቷል። ድምፁ የሚሰማ ሰው ያንብብልን ብለው ለሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት ሰጡት። ሰውየው ቆሞ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ አንዱንም ሳይዘል አነበበው። "ደብቃው በቆየችው ሕመም" የሚለው ላይ ሲደርስ ምን እንዳነበበ የገባው ካነበበው በኋላ ነው።

እትዬ በማግስቱ እርማት ጻፈች፣ ፈረመችበት፣ ማተሚያ ክፍሉ ወሰደችው። ጋዜጣው ለጊዜው ቆሟል ተባለች። የደረጃ ሥሯ ክፍል ሌላ ቁልፍ ተደርጎባታል። ከዚያ ወረቀቱን በእጇ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፈችው። ተማሪው ተሰብስቦ አነበበው፣ አንዷ ልጅ ደግሞ፣ ክፉ አስባ አይደለም፣ "ታዲያ የትኛው ነው? እዚያም ፈርማለች፣ እዚህም ፈርማለች" አለች። እትዬ ከኋላቸው ቆማ ሰምታታለች። ወረቀቱን የዲኑ ሰዎች ወዲያው መጥተው ቀደዱት፤ ከመቅደዳቸው በፊት ግን ያቺ ጥያቄ ጨርሳው ነበር።

ሥራዋን የለቀቀችው ኋላ ነው፤ ማንም አላባረራትም። አርዕስት ተመረቀ። የዩኒቨርሲቲው ሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ውስጥ ይሠራል፣ በፀጉር ቤቴ በር ሲያልፍ ወደ ማዶ ይሻገራል። አልረግመውም፤ የእናቱን የተሰነጣጠቀ እጅ አይቼዋለሁ። ግን ሳህኔን አጥቦ የሚመልስልኝ እሱ እንደነበርም አልረሳም።

አባትየው አንድ ጊዜ መጣ። ክፍሉ ተቆልፎ ሲያገኘው ሰው ወደ እኔ ጠቆመው። እትዬ ከመስታወቱ ሥር ተቀምጣ ነበር፤ ያን ሰሞን የምትሄድበት ስለሌላት እኔ ጋ ነበር የምትውለው። አውቶቡሱን በር ላይ አቁሞ ገባ። በመስኮቱ ተሳፋሪዎቹ ሲያዩን ይታየኛል። ጋዜጣውን ከጃኬቱ ውስጥ አወጣ፣ የታጠፈበት ቦታ ሊቀደድ ደርሷል፣ ግርጌው ወደ ላይ እንዲሆን አድርጎ ጠረጴዛው ላይ አኖረው።

"ይህ የእርስዎ ፊርማ ነው?"

"የእኔ ነው" አለች እትዬ።

"እሷ አይደለችም!" ብዬ ጮህኩ። "ባዶ ወረቀት ላይ ነው የፈረመችው! ሌላ ሰው ነው የጻፈው! እትዬ ንገሪው እንጂ፣ ምን ዝም ትያለሽ?" ሁሉንም ለቀቅኩለት፤ ዲኑን፣ አርዕስትን፣ ቁልፉን። እሱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ እስክጨርስ ሰማኝ። አላቋረጠኝም። ያመነኝም ይመስለኛል።

እትዬ ተነሳች። እግሩ ላይ ልትወድቅ ነው ብዬ ደነገጥኩ። "ልምጣ" አለችው። "ቤትዎ ልምጣ። እናቷ ፊት ቆሜ እኔው ልንገራት። አሁኑኑ እሄዳለሁ።"

"አይምጡ።"

"እለምንዎታለሁ።"

"አይምጡ መምህርት" አለ። የተቆጣ አልነበረም፤ የደከመ ነበር። "ይህ ፊርማ ካለበት አይዋሽም ብዬ የነገርኳት እኔ ነኝ። እርስዎ እንዳሉኝ ነው የነገርኳት። ገጹን ትራስጌዋ አድርጋዋለች። ቀኑን ሙሉ አንድ ነገር ነው የምትጠይቀኝ፤ 'ልጄ ምን ደብቃኝ ነው? እናቷ አይደለሁም ወይ?' ትለኛለች። እኔ ውሸት ነው ብያታለሁ፤ ልታጽናናኝ ነው አለችኝ። እርስዎም ቢመጡ እንደዚያው ነው የምትልዎት።"

ውጪ አንድ ተሳፋሪ የአውቶቡሱን ጥሩንባ ነካ። አባትየው ጋዜጣውን በቆየ እጥፋቱ አጥፎ ወደ ጃኬቱ መለሰና በሩን ቀስ ብሎ ዘግቶ ወጣ። እትዬ እጇን ኪሷ ውስጥ ከታ እንደቆመች ቀረች።